የጃንጎን ዶክመንቴሽን ፎርማት ማስተካከል፦ ከክሎን እስከ ፑል ሪክዌስት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፓይተን የሚማሩ ልጆች ወደ ኦፕን ሶርስ መግባት ሲያምራቸው ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ጃንጎ ከሚባለው የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ዶክመንቴሽን ነው። ከባድ ኮድ አይጠይቅም፣ ስህተቱ በዓይን ይታያል፣ ቀላል ይመስላል። ከዚያ ፑል ሪክዌስቱ (ለውጡን ፕሮጀክቱ እንዲቀበለው የሚላከው ጥያቄ) ቼኩን ሳያልፍ ቀርቶ ቀይ ይሆናል። ወይ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ለምን ነካካኸው?» የሚል አስተያየት ይመጣል። አብዛኛው ሰው እዚያ ጋ ይተወዋል።

ችግሩ የእንግሊዝኛም የፓይተንም አይደለም፤ የቅደም ተከተል ነው። ሰዉ ቢልድ ሳያደርግ፣ ማለትም ፋይሎቹን በብራውዘር ወደሚነበብ ገጽ ሳይቀይር፣ ማረም ይጀምራል። የተለያየ ዓይነት ስህተት ባንዴ ያርማል። ኤዲተሩ በራሱ የቀየረውንም አብሮ ይልካል። ከታች ያለውን ሳትዘሉ በተራው ሂዱበት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እናንተ ተርሚናሉና ፋይሉ ላይ የምትጽፉት በላቲን ፊደል ነው። ምልክቶቹን ግን እዚህ እንደምታዩዋቸው አድርጋችሁ ጻፉ።

ዝግጅት

ዳታችሁን አስቡበት

ኢንተርኔት የሚያስፈልጋችሁ ኮዱን ለማውረድ፣ ፓኬጆቹን ለመጫንና በመጨረሻ ለመላክ ነው። መሀል ላይ ያለው ሥራ አብዛኛው ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ስለዚህ ማውረዱን ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ጨርሱትና ቀሪውን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩ።

1. ጊትሃብ ላይ የጃንጎን ሪፖ (የኮዱን ማከማቻ) ፎርክ አድርጉ፤ በስማችሁ ቅጂ ይኖራችኋል።

2. የራሳችሁን ፎርክ ክሎን አድርጉ (ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ)፤ ግን ‹ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1› ብላችሁ። የጃንጎ ሙሉ ታሪክ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። ጊት ክሎን ደግሞ መሀል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ሆናችሁ በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ ይቺ አንዲት አማራጭ ፓኬጃችሁን ታተርፍላችኋለች። ፎርማት ለማስተካከል የድሮ ታሪክ አያስፈልጋችሁም።

3. ዚፑን አታውርዱ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ውስጡ ጊት የለበትም። ሥራውን ከጨረሳችሁ በኋላ መላኪያ ታጣላችሁ።

4. ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ፍጠሩ፣ አክቲቬት አድርጉት፣ ከዚያ ‹ፒፕ ኢንስቶል -አር ዶክስ/ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ› በሉ። ዶክመንቴሽኑን ቢልድ የሚያደርገው ስፊንክስም ሌሎቹ መፈተሻዎችም አብረው ይገባሉ። ሊኑክስ ላይ ለስፔሊንግ ቼኩ ኢንቻንት የሚባል የሲስተም ላይብረሪ ለብቻው መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ኤዲተሩን አደብ አስገዙት

ብዙ ፑል ሪክዌስት የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋይል ሳትከፍቱ በፊት እነዚህን አስተካክሉ።

1. ፋይል ሴቭ ሲደረግ በራሱ ፎርማት የሚያደርገውን አማራጭ አጥፉ። ይሄ ክፍት ከሆነ አንድ ቃል አርማችሁ ብዙ መስመር የተቀየረበት ዲፍ (የተቀየሩትን መስመሮች የሚያሳይ ዝርዝር) ትልካላችሁ።

2. ስፔስና ታብ በዓይን እንዲታዩ አድርጉ። ታብ ስትነኩ 4 ስፔስ እንዲገባ አስተካክሉ።

3. 79ኛው አምድ ላይ መስመር እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

4. የጃንጎ ዶክመንቴሽን ፋይሎች መጨረሻቸው ‹.ቲኤክስቲ› ነው፤ ውስጣቸው ግን ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባል የአጻጻፍ ፎርማት ነው። ኤዲተሩ ተራ ጽሑፍ መስሎት ቀለም አይሰጣቸውም። ቋንቋውን በእጅ ምረጡለት።

5. ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ‹ጊት ኮንፊግ ኮር.አውቶሲአርኤልኤፍ ትሩ› በሉ። ዊንዶውስና ሊኑክስ መስመር የሚጨርሱበት ምልክት ይለያያል።

6. የአማርኛ ኪቦርዱን አጥፉ። ለምን እንደሆነ ሁለት ነጥብ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ ቢልድ አድርጉ

ዶክስ ፎልደር ውስጥ ግቡና ‹ሜክ ኤችቲኤምኤል› በሉ። ዊንዶውስ ላይ ‹ሜክ.ባት ኤችቲኤምኤል› ነው። ሲያልቅ ‹_ቢልድ/ኤችቲኤምኤል› ውስጥ ያለውን ‹ኢንዴክስ.ኤችቲኤምኤል› በብራውዘር ክፈቱ።

የመጀመሪያው ቢልድ ሁሉንም ገጽ ስለሚያነብ ቆየት ይላል። ላፕቶፑንም ያግለዋል። ሸዋሮቢት ያላችሁ በማለዳ አስጀምሩት፤ ደብረ ብርሃን ያለነው እንደውም እጃችንን እናሞቅበታለን። ከዚያ በኋላ ስፊንክስ የተቀየረውን ፋይል ብቻ ስለሚነካ ፈጣን ነው።

ይሄን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ በኋላም ይጸጸታሉ። አሁን የሚወጡትን ዋርኒንጎች ቅዱና አስቀምጡ። በኋላ አዲስ ዋርኒንግ ስታዩ የእናንተ ይሁን የቆየ የምትለዩት በዚህ ነው።

መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ፦ ሲመጣ ‹ሜክ ክሊን› ብላችሁ እንደገና አስጀምሩት። ግማሽ የተሠራ ቢልድ ላይ መቀጠል ፋይሉ ውስጥ የሌለ ስህተት ሊያሳያችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ አንድ ፋይል፣ አንድ ዓይነት ስህተት ምረጡ

‹ጊት ስዊች -ሲ› ብላችሁ፣ ቀጥሎ ስም ጽፋችሁ፣ አዲስ ብራንች (ለውጣችሁን ለብቻው የምትሠሩበት ቅርንጫፍ) ክፈቱ። ሜን (ዋናው ብራንች) ላይ አትሥሩ።

ዶክስ ውስጥ ‹ኢንትሮ›፣ ‹ቶፒክስ›፣ ‹ሬፍ›፣ ‹ሃውቱ› የሚባሉ ፎልደሮች አሉ። ከነሱ አንድ ፋይል ምረጡ። ‹ሪሊስስ› ውስጥ ያሉትን የድሮ ቨርዥን ማስታወሻዎች ተዉአቸው። እነሱ መዝገብ ናቸው።

ከዚያ የምታርሙትን ዓይነት ወስኑ። ባክቲክ ከሆነ ባክቲክ ብቻ፤ ኮድ ብሎክ ከሆነ ኮድ ብሎክ ብቻ። መንገዳችሁ ላይ ሌላ ስህተት ካያችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉትና እለፉ። ለሚቀጥለው ሥራ ይሆናችኋል።

ስህተትና ምርጫንም ለዩ። ገጹ ላይ በትክክል የማይታይ፣ ቼኩን የማያልፍ፣ ወይም የጃንጎ የአጻጻፍ ደንብ የሚከለክለው ነገር ስህተት ነው። «እኔ ብሆን እንዲህ አልጽፈውም» ግን ምርጫ ነው። በምርጫ የተላከ ለውጥ ሲዘጋባችሁ አትቀየሙ። የፕሮጀክቱ ሰዎች እያንዳንዱን መስመር ማንበብ አለባቸው። መስመሩ ለምን እንደተጻፈ በታሪኩ መፈለግም ያለ ምክንያት በተነካ ቁጥር ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ ማረም

ባክቲክ

ባክቲክ ማለት ከ1 ቁጥር በስተግራ፣ ከኤስኬፕ ሥር ያለችው ምልክት ናት። ማርክዳውን የሚባለውን ሌላ የአጻጻፍ ፎርማት የለመደ ሰው ኮድን በአንድ ባክቲክ ይከባል። እዚህ ግን ኮድ በሁለት ባክቲክ ነው የሚከበበው፦ ``ሞዴል``። አንድ ባክቲክ ብቻ ከጻፋችሁ ጃንጎ ሆን ብሎ ዋርኒንግ እንዲያወጣ ተደርጓል። ዋርኒንጉ «ዲፎልት ሮል» የሚል ቃል አለበት። ሁለት ባክቲክ ነው ወይስ የሊንክ አንደርስኮር ረስታችሁ ነው ብሎ ይጠይቃችኋል።

ፊቱ ላይ ሮል (በሁለት ኮለን መሀል የሚጻፍ የዓይነት ስም) ካለ ግን አንድ ባክቲክ ትክክል ነው፦ :ክላስ:`ስም` እንደሚባለው። ይሄን ወደ ሁለት እንዳትቀይሩት፤ ሊንኩ ይሞታል። ስሙ ፊት ~ ካያችሁም ተዉት። ረጅሙን ስም አሳጥሮ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ የሚያሳየው እሱ ነው። በጅምላ «ፈልግና ተካ» የሚያደርጉ ሰዎች እነዚህን ነው የሚያጠፉት። ባክቲክን በጅምላ አትተኩ። አንድ በአንድ ሂዱ።

ሌላ ወጥመድ ቴሌግራም ነው። ጽሑፉን ለጓደኛችሁ በሜሴጅ ስትልኩ ቴሌግራም ባክቲኩን የራሱ ፎርማት አድርጎ ይወስደዋል። ምልክቱ ይጠፋል። ሁለት ኮከብም ቦልድ ሆኖ ይቀራል። እንዲያይላችሁ ከፈለጋችሁ ፋይሉን እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ፤ ከሜሴጁ ላይም መልሳችሁ አትቅዱ።

ሁለት ነጥብ

ይቺ ትንሽ ነገር ገጽ ታጠፋለች። ዳይሬክቲቭ (ልዩ ብሎክ የሚያስጀምር ትዕዛዝ) የሚጻፈው ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት የእንግሊዝኛ ነጥቦች (..)፣ ስፔስ፣ ስም፣ ከዚያ ድርብ ኮለን (::) ነው፤ ኮለን ማለት የእንግሊዝኛዋ ሁለት ነጥብ ናት፦

.. ዋርኒንግ::

    ይህ ጽሑፍ ገጹ ላይ ይታያል።

አንዷን ኮለን ስትረሱስ?

.. ዋርኒንግ:

    ይህ ጽሑፍ አይታይም።

ሁለተኛው ስህተት ተብሎ አይቆጠርም። ሪስትራክቸርድቴክስት ኮመንት ነው ብሎ ይወስደውና ጽሑፉን ከነማስጠንቀቂያው ይደብቀዋል። ቢልዱ በሰላም ያልቃል፤ አንባቢው ግን ምንም አያይም።

የአማርኛ ኪቦርድ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። «፡፡» እና «::» ስክሪን ላይ ልዩነታቸው አይታወቅም። ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ብሎኩ ከጠፋባችሁና ዓይናችሁ ምንም ካላገኘ፣ ኮለኖቹን አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ጻፏቸው።

ርዕሶች

ጃንጎ ውስጥ የርዕስ ተዋረድ የተወሰነ ነው። የገጹ ርዕስ ከላይም ከታችም = አለው። ቀጥሎ ያለው ከታች ብቻ = አለው። ከሱ በታች -፣ ከዚያ ~፣ ከዚያ ^ ይመጣል።

=======
የገጹ ርዕስ
=======

ዋና ክፍል
=======

ንዑስ ክፍል
--------

ደረጃ አትዝለሉ። ከ= ቀጥታ ወደ ~ ከሄዳችሁ፣ በዚያ ፋይል ውስጥ ምልክቶቹ በመጡበት ተራ ስለሚነበቡ ቀሪው ሁሉ ይዛባል። ከሥር ያለው መስመር ከርዕሱ ካጠረ «ታይትል አንደርላይን ቱ ሾርት» የሚል ዋርኒንግ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ርዕስ ላይ ካፒታል ሌተር የሚያገኙት የመጀመሪያው ቃልና የተጸውኦ ስሞች ብቻ ናቸው።

ኮድ ብሎክ

በዚህ ላይ ቀስ በሉ።

አንቀጹ በ«::» አልቆ፣ ባዶ መስመር ተከትሎ፣ ከሥሩ 4 ስፔስ ገባ ያለ ጽሑፍ ካለ ኮድ ብሎክ ነው። ቋንቋ ካልተጠቀሰ እንደ ፓይተን ይቆጠራል። ፓይተን ከሆነ እሰየው፤ ምንም አትንኩ።

ፓይተን ያልሆነ ነገር እንዲህ ከተጻፈ ግን ችግር ነው። የጃንጎን የኮድ ምሳሌዎች የሚፈትሸው ብላክንዶክስ የሚባለው መሣሪያ እነዚህንም ብሎኮች ፓይተን ናቸው ብሎ ያነባቸዋል። የተርሚናል ውጤት ወይም ኤችቲኤምኤል ሲያገኝ ማንበብ ያቅተውና ስህተት ያወጣል። መፍትሔው ቋንቋውን መንገር ነው፦

.. ኮድ-ብሎክ:: ቴክስት

    የተርሚናሉ ውጤት እዚህ ይገባል

ምን ለምን እንደሚሆን በአጭሩ፦ ለቴምፕሌት ‹ኤችቲኤምኤል+ጃንጎ›፤ በሦስት > ምልክት ለሚጀምር የፓይተን ሼል ‹ፓይኮን›፤ ለተራ ውጤት ‹ቴክስት›። ተጠቃሚው ተርሚናል ላይ የሚጽፈው ትዕዛዝ ከሆነ ደግሞ ጃንጎ ‹ኮንሶል› የሚባል የራሱ ዳይሬክቲቭ አለው። በ$ የሚጀምሩትን መስመሮች ወስዶ ለሊኑክስና ማክ አንድ፣ ለዊንዶውስ ሌላ ታብ ያወጣል።

ስትቀይሩ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። መጀመሪያ፣ ከላይ ያለው አንቀጽ መጨረሻ ላይ የነበረውን «::» ወደ አንድ ኮለን መልሱት። ካልመለሳችሁት ስፊንክስ ኮድ ብሎክ ይጠብቅና የዳይሬክቲቩ መስመር ራሱ ያልተጠበቀ ነገር ይሆንበታል። ሁለተኛ፣ ከዳይሬክቲቩ በኋላ ባዶ መስመር ተዉ። ባዶው መስመር ከሌለ የመጀመሪያው የኮድ መስመር የዳይሬክቲቩ አካል ተደርጎ ይነበባል።

ሊንክና ዝርዝር

የማርክዳውን ሊንክ፣ ማለትም ስሙን በ[ ] አድራሻውን በ( ) የሚጽፈው፣ እዚህ አይሠራም። እንዲህ ነው፦ `ስም <አድራሻ>`_። አንድ ገጽ ላይ በአንድ ስም ወደተለያየ አድራሻ የሚሄዱ ሁለት ሊንኮች ካሉ «ዱፕሊኬት ኤክስፕሊሲት ታርጌት ኔም» ይላችኋል፤ መጨረሻው ላይ ሁለት አንደርስኮር አድርጉ። ወደ ሌላ የጃንጎ ገጽ ከሆነ ግን አድራሻ አትጻፉ፤ :ዶክ: ወይም :ሬፍ: ተጠቀሙ።

ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት ባዶ መስመር ያስፈልጋል። የአንዱ ነጥብ ጽሑፍ ወደ ሁለተኛ መስመር ከወረደ፣ ከኮከቡ ሥር ሳይሆን ጽሑፉ ከጀመረበት አምድ ሥር ይጀምር። «አንኤክስፔክትድ ኢንደንቴሽን» ወይም «አንኤክስፔክትድ አንኢንደንት» የሚሉትን ዋርኒንጎች ብዙ ጊዜ የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የመስመር ርዝመት

ገደቡ 79 ፊደል ነው። እናንተ የነካችሁት መስመር ካለፈ ስበሩት። አንቀጹን በሙሉ ደግማችሁ አታሰልፉ። አንድ ቃል ለመጨመር ስምንት መስመር ከተገፋ፣ የሚያነበው ሰው የትኛው ቃል እንደተቀየረ ማየት አይችልም።

ደረጃ 4፦ እንደገና ቢልድ፣ ከዚያ በዓይን

‹ሜክ ኤችቲኤምኤል› በሉ። አዲስ የወጣ ዋርኒንግ ካለ ደረጃ 1 ላይ ካስቀመጣችሁት ጋር አስተያዩ። ዋርኒንጉ የፋይሉን ስምና የመስመር ቁጥሩን ይነግራችኋል። ቁጥሩ ላይ ምንም ካላገኛችሁ ከሱ በላይ ያለውን አንቀጽ እዩ። ያልተዘጋ ባክቲክ ወይም የተረሳ ባዶ መስመር የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ዋርኒንግ የለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ኮመንት ሆኖ የተደበቀውን ብሎክ አስታውሱ። ገጹን በብራውዘር ክፈቱና የነካችሁትን ቦታ ሁሉ በዓይናችሁ ተመልከቱ። ሊንኮቹንም ጫኗቸው።

ደረጃ 5፦ ቼኮቹን አስኪዱ

ዶክስ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ‹ሜክ ቼክ› በሉ። የስፔሊንጉን፣ የኮድ ምሳሌዎቹንና የሊንቱን (የፎርማት ስህተት የሚፈልገውን) ቼክ ባንዴ ያስኬዳል። ለየብቻ ከፈለጋችሁ ‹ሜክ ስፔሊንግ›፣ ‹ሜክ ብላክ›፣ ‹ሜክ ሊንት› አሉ። ዊንዶውስ ላይ ካስቸገራችሁ ዳብሊዩኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ውስጥ አስኪዱት። እሱም ከሌለ ፑል ሪክዌስቱን ስትከፍቱ ጊትሃብ ላይ መሄዳቸው አይቀርም።

‹ሜክ ሊንክቼክ› የሚባልም አለ። በሞባይል ዳታ እንዳትሞክሩት። ዶክመንቴሽኑ ውስጥ ያለውን የውጭ አድራሻ ሁሉ አንድ በአንድ ሄዶ ያንኳኳል።

ስፔሊንጉ ትክክለኛ ቃል ላይ ከጮኸ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ቃሉ የኮድ ስም ከሆነ በሁለት ባክቲክ ክበቡት፤ ቼኩ ያልፈዋል። ካልሆነ ሌላ የሚያውቀው ቃል ፈልጉ። ሁለቱም ካልሆነ ብቻ ‹ስፔሊንግ_ወርድሊስት› የሚለው ፋይል ውስጥ በፊደል ተራው አስገቡት። መጨረሻ ላይ ለጥፋችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ዲፉን እንደ ባዕድ አንብቡት

‹ጊት ዲፍ› በሉ። እያንዳንዱ መስመር ላይ «ይሄን ለምን ነካሁት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ የሌለው መስመር ይመለስ።

‹ጊት ዲፍ --ቼክ› መስመር መጨረሻ ላይ የቀረ ስፔስ ካለ ያጋልጣል።

ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ተቀይሮ ከታያችሁ አትደንግጡ። የመስመር መጨረሻ ምልክቱ ተለውጧል ማለት ነው። ‹ጊት ዲፍ -ዳብሊዩ› ብትሉ እውነተኛው ለውጥ ብቻ ይታያችኋል። ኤዲተሩ ላይ ፋይሉን ወደ ኤልኤፍ (የሊኑክስ የመስመር መጨረሻ ምልክት) መልሱትና ሴቭ አድርጉ። ሳታስተካክሉ ከላካችሁት ማንም አያነበውም።

ደረጃ 7፦ ኮሚትና ፑል ሪክዌስት

1. ፋይሉን በስሙ ጨምሩ። ‹ጊት አድ .› አትበሉ፤ ያላሰባችሁት ፋይል አብሮ ይገባል።

2. ኮሚት አድርጉ (ለውጡን ጊት ላይ መዝግቡ)፤ መልእክቱን በእንግሊዝኛ፣ በኃላፊ ጊዜ ጻፉ። አጭር ይሁን፣ መጨረሻው ላይ የእንግሊዝኛ ነጥብ (.) ይኑረው። የትኛው ፋይል ላይ ምን እንዳስተካከላችሁ ይናገር። «አፕዴትድ ዶክስ» ለማንም አይጠቅምም።

3. ወደ ፎርካችሁ ፑሽ አድርጉና ወደ ጃንጎ ሜን ብራንች ፑል ሪክዌስት ክፈቱ። የሚመጣውን ፎርም አትሰርዙት፤ ሙሉት።

4. ትንሽ የፎርማት ወይም የፊደል እርማት ቲኬት (ሥራው ቀድሞ የሚመዘገብበት ጥያቄ) አይጠይቅም። ከዚያ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ በብዙ ፋይሎች ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ ትራክ (የጃንጎ የቲኬት መመዝገቢያ) ላይ ቲኬት ከፍታችሁ ተስማሙ። በጅምላ ሠርቶ ከዚያ መጠየቅ ላብን ማባከን ነው። በ2023 የኮድ ምሳሌዎቹ ሁሉ በብላክንዶክስ ሲስተካከሉ የቲኬት ቁጥር ነበራቸው፦ 34140። ትልቅ ሥራ በዚያ መንገድ ነው የሚሄደው።

5. ጠብቁ። የሚያነቡት ሰዎች ሌላም ሥራ አለባቸው። በማግስቱ «ምነው ዝም አላችሁ?» ብሎ መጻፍ አያፋጥነውም።

6. እርማት ከተጠየቃችሁ እዚያው ብራንች ላይ አርማችሁ ፑሽ አድርጉ። አዲስ ፑል ሪክዌስት አትክፈቱ፤ የተባለው ሁሉ አሮጌው ላይ ይቀራል።

በአማርኛ ዶክመንቴሽን ለምትጽፉ

ለመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ወይም ለቢሮ ሥራ በስፊንክስ አማርኛ የምትጽፉ ካላችሁ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል። የሚጨመሩ ነገሮች ግን አሉ፤ የእንግሊዝኛ መመሪያ አይነግራችሁም።

አማርኛ ቅጥያ ይወዳል። ባክቲክ ደግሞ ቅጥያ አይወድም። ባክቲክ የሚከፈተው ከስፔስ ወይም ከሥርዓተ ነጥብ በኋላ፣ የሚዘጋውም ከነሱ በፊት ሲሆን ነው። ስለዚህ ``ሞዴል``ን ብላችሁ ከጻፋችሁ አልተዘጋም ብሎ ዋርኒንግ ያወጣል። የ``ሞዴል`` ካላችሁ የባሰ ነው። ዋርኒንግ የለም፤ ባክቲኮቹ እንዳሉ ገጹ ላይ ይወጣሉ። አራት ነጥብ ግን ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ ችግር የለውም።

ማምለጫው ባክስላሽና ስፔስ ነው፦ ``ሞዴል``\ ን፣ የ\ ``ሞዴል``። ስፔሱ ገጹ ላይ አይታይም። ይሠራል፤ ግን ፋይሉን ለማንበብ ያስጠላል። እኔ የምመርጠው ዓረፍተ ነገሩን መቀየር ነው፦ «``ሞዴል`` የተባለውን ክላስ» ማለት። ቅጥያው አማርኛው ላይ ያርፋል።

ርዕስ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን አትመኑ። የፊደላችን ቅርጽ ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ያለው = ያጠረ ይመስላል። አንድ ፊደል አንድ ምልክት ነው፤ ቁጠሩት። ማስረዘም ችግር የለውም።

የመጨረሻው የሊንክ ነገር ነው። ስፊንክስ የርዕሱን መለያ የሚሠራው ከላቲን ፊደላት ነው። ርዕሱ በሙሉ አማርኛ ከሆነ የሚጠቀመው ስለሌለው ‹አይዲ1›፣ ‹አይዲ2› እያለ ይቆጥራል። ነገ መሀል ላይ አንድ ክፍል ስትጨምሩ ቁጥሩ ይንሸራተትና ለሰው የላካችሁት ሊንክ ሌላ ቦታ ያደርሳል። ከያንዳንዱ አስፈላጊ ርዕስ በላይ በላቲን ፊደል የራሳችሁን መለያ አስቀምጡ፦ .. _ስም:። እዚህ ላይ ኮለኗ አንድ ናት፤ ሁለት አታድርጓት።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

ቢልዱ ከነጭራሹ እምቢ ካለ፦ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱ አክቲቬት መሆኑን እዩ። ተርሚናሉን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይጠፋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው።

ለውጣችሁ ብራውዘሩ ላይ ካልታየ፦ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ። ካልሆነ ‹ሜክ ክሊን› ብላችሁ ከዜሮ ቢልድ አድርጉ።

ቤት ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ጊትሃብ ላይ ቀይ ከሆነ፦ ቀዩን ሥራ ተጭናችሁ ሎጉን ክፈቱ። የመጀመሪያውን ስህተት ፈልጉ። ከሱ በኋላ ያሉት ብዙ ጊዜ የሱ ልጆች ናቸው። ዶክመንቴሽን ብቻ ነክታችሁ የዳታቤዝ ቴስት ከወደቀ የእናንተ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ያንኑ በአስተያየት ጻፉና ጠብቁ።

ስትጠብቁ ሜን ብራንች ከቀደማችሁ፦ ጊትሃብ ላይ ፎርካችሁን ‹ሲንክ› አድርጉ። ከዚያ ‹ጊት ፌች ኦሪጂን ሜን›፣ ቀጥሎ ‹ጊት ሪቤዝ ኦሪጂን/ሜን› በሉ፤ ለውጣችሁን አዲሱ ሜን ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሜንን ወደ ብራንቻችሁ መርጅ አታድርጉ። ሪቤዙ ከተጋጨባችሁና ግራ ከገባችሁ ‹ጊት ሪቤዝ --አቦርት› ወደነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ከሪቤዝ በኋላ ፑሹ እምቢ ይላል፤ ‹ጊት ፑሽ --ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ› ተጠቀሙ፣ የራሳችሁ ብራንች ላይ ብቻ።

ፑል ሪክዌስቱ ከተዘጋ፦ የተሰጠውን ምክንያት አንብቡ፣ ብራንቹን አጥፉ። ደረጃ 2 ላይ ማስታወሻችሁ ላይ ካሰፈራችኋቸው ስህተቶች አንዱን ይዛችሁ ከአዲስ ሜን አዲስ ብራንች ክፈቱ።